ገላ ዝም ሲል

መጠይቁን ወደ አማርኛ ስንመልስ ያልተጨቃጨቅንበት ቃል የለም። ከባሕር ማዶ የመጣ የሥነ ልቦና መጠይቅ ነው፤ ሰው በገዛ ሰውነቱ ውስጥ የሚሰማውን ነገር ምን ያህል እንደሚፈራ ይለካል። «ልቤ በፍጥነት ሲመታ ያስፈራኛል»፣ «ሰውነቴ ሲንቀጠቀጥ እጨነቃለሁ» እያለ ይሄዳል። መልሱ ከ«ፈጽሞ» እስከ «እጅግ በጣም» ነው። እንጅባራ ቢሮ ውስጥ ሻይ እየጠጣን ስንከራከር ከረምንና አለቃችን ሲሰለቸው «እስቲ ሰው ይስማው» ብሎ ወደ ዳንግላ ላከኝ። ሥራዬ ጥያቄውን ማንበብና ሰዎቹ ምን ብለው እንደተረዱት መጠየቅ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ለሥራው ልብ አልነበረኝም። እናቴ ከሞተች ዓመት አልሞላትም። አዘና ከተማ ነበር የምትኖረው። ዓይኗ በተርገበገበ ቁጥር ትደውልና ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም በአዊኛ «ምን ሆነሻል?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ የተማርኩ አይደለሁ፣ ድካም ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው እያልኩ አስረዳታለሁ። እሷ ትስቅና ምሳ ምን እንደበላሁ ትጠይቀኛለች። ከሞተች ወዲህ በስልክ በአዊኛ የሚያወራኝ ሰው የለም። ይሄ ነገር ገበያ መሃል ሳይቀር ትዝ ይለኛል።

ዳንግላ ላይ እሺ ካሉኝ ሰዎች አንዷ ገበያው አጠገብ ጨውና ሳሙና፣ ክርና የላስቲክ ጫማ የሚሸጡ ሙስሊም እናት ነበሩ። ሱቃቸው ውስጥ በርጩማ ሰጡኝ። በደጃፉ ጋሪ ባለፈ ቁጥር የፈረሱ ኮቴ ድምፄን ስለሚውጠው አንዳንዱን ጥያቄ ደግሜ አነበብኩ።

«ልቤ በፍጥነት ሲመታ ያስፈራኛል።»

«ፈጽሞ» አሉ ለደንበኛ ጨው እየሰፈሩ።

«ሰውነቴ ሲንቀጠቀጥ እጨነቃለሁ።»

«ፈጽሞ።»

እስከ መጨረሻው እንዲሁ መለሱ። በወረቀቱ ከሄድን በዳንግላ እንደ እሳቸው ጭንቀት የማያውቅ ሰው የለም። ፊታቸው ግን ሌላ ይላል። ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል፤ ስልካቸውንም ጨው እየሰፈሩ እንኳ በግራ እጃቸው ይዘውታል። እኔም የታዘዝኩትን ጠየቅሁ።

«እማማ፣ ልቤ ሲመታ የሚለውን ሲሰሙ ምን ታሰበዎት?»

«ልጄ ናት የታሰበችኝ፤ ሌላ ምን ይታሰበኛል?»

ሴት ልጃቸው ዓረብ አገር ከሄደች ቆይታለች። መጀመሪያ ላይ ትደውል ነበር፤ አሁን ስልኳ አይሠራም። ጎረቤት ኔትወርክ ነው እያለ ያጽናናቸዋል። እሳቸው ወሬዋን የሚያገኙት በገላቸው ነው። ዓይናቸው ሲርገበገብ ልጅቷ እያለቀሰች ነው፤ ስቅ ሲላቸው ስማቸውን አንስታለች፤ ያለ ምክንያት ልባቸው ድው ድው ሲል ናፍቃቸዋለች።

«ታዲያ ይሄ ያስፈራል እንዴ? ዓይኔ ሲርገበገብ አልሐምዱሊላህ ነው የምለው። ብታለቅስም አለች ማለት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ሲል ነው፣ ልጄ። ሰሞኑን ገላዬ ዝም ብሏል። እንጨት ሆኛለሁ። እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞር አለ። እሱን አትጠይቂኝም? ወረቀትሽ ላይ የለም?»

«የለም፣ እማማ።»

«ጻፊዋ እንግዲህ!»

ከኅዳጉ ላይ ጻፍኩት። ስለ ዓይን ሽፋን ጡንቻ የማውቀው ሁሉ አፌ ላይ ነበር፤ እሱን ትቼ እስክሪብቶዬን ከደንኩ። ልሄድ ስነሳ «እናት አለሽ?» አሉኝ። የለችኝም አልኩ። ጨው የነካ እጃቸውን እጄ ላይ አደረጉ። እኔም ቶሎ መሄድ አልፈለግሁም።

ከሰዓት በኋላ ወደ እንጅባራ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። አዲስ ቅዳም ሳንደርስ ስቅ አለኝ።

እናቴ ስቅ ሲለን ስም ታስጠራን ነበር። አንድ በአንድ ትጠሪያለሽ፤ ስቅታው የቆመበት ስም፣ ያነሳሽ ሰው እሱ ነው። በልቤ መጥራት ጀመርኩ። አክስቴን ጠራሁ፤ ስቅ። የትምህርት ቤት ጓደኛዬን ጠራሁ፤ ስቅ። ሪፖርት ዘገየ ብሎ ሳያማኝ አይቀርም ብዬ አለቃዬን ጠራሁ፤ እሱም አይደለም። የሱቋን እናት ጠራሁ፤ አልቆመም። ጎኔ የተቀመጠው ሰው ውኃ ቢሰጠኝ አመስግኜ መለስኩለት። ውኃ ያቆመዋል።

የእናቴን ስም ለመጨረሻ አቆየሁት። ፈርቼ ነው። ብጠራትና ባይቆምስ? እስካልጠራኋት ድረስ እሷ ልትሆን ትችላለች። ትምህርቴ የት ሄደ እንዳትሉኝ፤ ያኔ አብሮኝ አልተሳፈረም። ስቅ ባለኝ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰው ቢስቅብኝም ግድ አልነበረኝም።

አዲስ ቅዳምን አልፈን ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ መሃል ስንገባ በራሱ ጊዜ ቆመ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ትንፋሼን ያዝኩ፤ ለቀቅሁ። የከሰል ጆንያ የተደረደረበትን መንገድ አለፍን፤ ብርዱ በመስኮቱ መግባት ጀመረ፤ ገላዬ ዝም እንዳለ ነው። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ያሉት ፍርሃት ገባኝ፤ መጠይቁ ላይ ለሱ ቦታ ቢኖር «እጅግ በጣም» እል ነበር።

እንጅባራ መናኸሪያ ደርሰን ሰው ሁሉ ሲወርድ ወንበሬ ላይ ቀረሁና ስሟን ጠራሁት። የሚቆም ስቅታ አልነበረም።