የካንዴላው ቀለም

ጋራዥ የገባሁት ደርግ በወደቀ በጥቂት ወሩ ነው። ወታደር ነበርኩ፤ የጭነት መኪና ሾፌርም መካኒክም። ጦሩ ተበትኖ ዳባት እናቴ ቤት ስመለስ ንብረቴ አንድ ካቻቢቴና አንድ ብርድ ልብስ ነበር። ደባርቅ ላይ ከአሥመራ የመጡ መካኒክ ጋራዥ ከፍተዋል ሲባል ሰማሁና በማግስቱ በእህል መኪና ላይ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ሰውየው ጋሼ ሞላ ይባላሉ። የደባርቅ ተወላጅ ናቸው። በወጣትነታቸው አሥመራ ገብተው ከአንድ ጣሊያን ዘንድ ሙያውን ተምረው እዚያው ሸበቱ። ጊዜው ሲለወጥ ከባለቤታቸው ከእትዬ ንግሥት ጋር አገራቸው ገቡ። የመጡት ባለ ሁለት በር በሆነች ቀይ የስፖርት መኪና ነው። ከኋላ ወንበሯ ላይ ከቤት ዕቃ ይልቅ የጋራዥ መሣሪያ ይበዛ እንደነበር እትዬ ንግሥት እስከ ዛሬ ያነሣሉ።

“ምን ታውቃለህ?” አሉኝ።

ሁሉንም አልኳቸው። ያኔ እንደዚያ ነበርኩ። ጋሼ ሞላ ከአንድ ሞተር ላይ አራቱን ካንዴላ ፈተው ጨርቅ ላይ ደረደሩና ምን እንደሚመስሉ ጠየቁኝ። ካንዴላ ማለት በሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚለኩሰው ነው። አየት አደረግኩና ደህና ናቸው አልኩ።

“ደህና መሆናቸውን የምወስነው እኔ ነኝ” አሉ ጋሼ ሞላ። “አንተን የጠየቅሁህ ቀለማቸውን ነው።”

የመጀመሪያ ቀን ትምህርቴ ይህ ነበር። የካንዴላው ጫፍ ከጠቆረ ቤንዚን በዝቷል። ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ከነጣ ቤንዚን አንሶታል፤ ሞተሩ ራሱን እያቃጠለ ነው ማለት ነው። ረዳት ያየውን ይናገራል፣ ፍርዱን ለዋናው መካኒክ ይተዋል። ሠራዊት ውስጥ የለመድኩት ግን አለቃ ሲጠይቅ ሁሉም ደህና ነው ማለትን ነበር።

ሥራችን በአብዛኛው ናፍጣ ነበር። ከዳባት ገብስ የሚጭኑ፣ ወደ ጃናሞራ ማዳበሪያ የሚያወጡ፣ የሊማሊሞን ቁልቁለት የሚወርዱ መኪኖች ፍሬናቸውን ሊያስፈትሹ እኛ በር ላይ ይቆሙ ነበር። ሥራ በቀዘቀዘ ቀን ጋሼ ሞላ ሸራውን ገልጠው ቀይዋን መኪና ይወለውላሉ። አሥመራ ሳሉ ለሰዎች የውድድር መኪና ሲያዘጋጁ ኖረዋል፤ ራሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ተወዳድረው አያውቁም። ለመካኒክ መሪ የሚሰጥ የለም። “ዕድሜዬን ሚዜ ሆኜ ጨረስኩት” ይሉ ነበር፣ እየሳቁ።

ከዓመታት በኋላ ዓይናቸው ደከመ። ጎንደር ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ቀስ በቀስ ይሄዳል አላቸው። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ነበር። ዳባትን ካለፍን በኋላ “መንገድ ገና አያለሁ” አሉኝ። ሳይጨልምባቸው መሪ ሊይዙ እንዳሰቡ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በዚያው ሰሞን ከሊማሊሞ ማዶ፣ ቆላ ውስጥ፣ ባለመኪኖች በተተወ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ውድድር ሊያደርጉ መሆኑን አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ነገረን። በርሜል ተደርድሮ ዙር ይበጃል፤ መኪኖቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፣ ሰዓት ይያዛል። ጋሼ ሞላ ነጋዴውን “ስሜን አስመዝግብልኝ” አሉት። ሌላ ዓመት እንደማይኖራቸው ሦስታችንም እናውቅ ነበር፤ እትዬ ንግሥት፣ እሳቸውና እኔ።

የመንገድ መኪናን የውድድር መኪና ማድረግ፣ ገንዘብ ካላቸው ሰዎች ዘንድ፣ ዕቃ መግዛት ነው። ከእኛ ዘንድ መቀነስ ነበር። ምንጣፉን፣ ራዲዮኑን፣ የኋላውን ወንበር፣ የበሮቹን ገበር አወጣን። የጎን መስታወቱን አንሥተን በላስቲክ ተካነው። የደባርቅ ብርድ እያለ ማሞቂያውን ስፈታ እጄ እሺ አላለኝም። የጭስ ማውጫውን፣ ማርሚታውን፣ ቆርጠን አሳጠርን። መኪናው ቢገለበጥ ሰውን የሚያድን የቱቦ ማዕቀፍ ያስፈልግ ስለነበር በያጁ ባትላሜራ የውኃ ቧንቧ ይዞልን መጣ። ጋሼ ሞላ መለሱት፤ የውኃ ቧንቧ የሚችለው ውኃ ነው አሉ። ከተበላሸ የጉድጓድ መቆፈሪያ ላይ ያልተበየደ ቱቦ እስክናገኝ ሳምንታት ጠበቅን። የደረት ቀበቶው የተሠራው ጭነት ከሚታሰርበት ጠፍር ነው፤ እትዬ ንግሥት ናቸው ደርበው የሰፉት።

በመጨረሻ የቀረው ከሾፌሩ አጠገብ ያለው ወንበር ነበር። እትዬ ንግሥት በር ላይ ቆመው ብሎኖቹን ስፈታ አዩኝ።

“ከአሥመራ የመጣሁት እኮ እዚያ ላይ ተቀምጬ ነው” አሉ።

ጋሼ ሞላ መፍቻውን ከእጄ ተቀብለው የቀሩትን ብሎኖች ራሳቸው ፈቱ። ከዚያ ወንበሩን ተሸክመው ግቢያቸው ውስጥ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ሥር አስቀመጡላቸው። እትዬ ንግሥት ጥጥ የሚፈትሉት እዚያ ላይ ሆነ።

ሞተሩን የሠሩት ጋሼ ሞላ ብቻቸውን ናቸው። ዓይናቸው ጥቃቅን ነገር አይለይም፤ ቢሆንም ፒስተኑን በጣታቸው ጫፍ እየዳሰሱ፣ ድምፁን እያዳመጡ ገጠሙት። የቀረው የቤንዚኑ ልክ ነበር። ደባርቅ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ብዙ ቤንዚን አይወድም። ቆላ ሲወርዱ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ አብሮ ካልጨመረ ሞተሩ ይቃጠላል። ይህን ልክ የሚወስኑት ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡራቶር ውስጥ ያሉ፣ መሐላቸው የተበሳ ሁለት ትንንሽ የናስ ብሎኖች ናቸው። ጋሼ ሞላ ቀዳዳቸው ሰፋ ያለ ሌላ ሁለት አበጁ። የክብሪት ቀፎ ውስጥ ከትተው ሰጡኝና “ቆላ እንደደረስን ትቀይራቸዋለህ” አሉ። ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

እኛ የደባርቅ መካኒኮች የናፍጣ ሰዎች ነን። አንድ መኪና ሊማሊሞን ከመውረዱ በፊት ፍሬኑን እናያለን፣ ጎማውን እናያለን። መኪና ቆላ ወረደ ብሎ ሞተሩን የሚነካ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። የሽማግሌ ጥንቃቄ ነው ብዬ አሰብኩ።

መኪናዋን በጭነት መኪና ጭነን፣ ሊማሊሞን ወርደን ሜዳው ደረስን። ሙቀቱ ፊት ይጋረፋል። ሞተሩን ሳስነሣው እንደዚያ ጥርት ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ነዳጅ ስሰጠው ካሰብኩት በላይ ይነሣል። ሌሎቹ ሾፌሮች ዙሪያችንን ከበቡ፤ ይህች መኪና ከየት መጣች ይላሉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ካርቡራቶር ከፍቼ አቧራ ላስገባበት? ተውኩት።

ጋሼ ሞላ ቀበቶውን ሳስርላቸው “ቀየርካቸው?” ብለው ጠየቁኝ።

“አዎ ጋሼ።”

ያኔ ዓይናቸው ደህና ቢሆን ኮፈኑን ከፍተው ያዩ ነበር። ሳያዩ ያሳለፉት ሥራ አልነበረም። እኔን አመኑ።

አምስት ዙር ነበር የሚነዱት። የመጀመሪያውን ዙር ከሁሉም ፈጥነው ጨረሱ። በሁለተኛው ሲያልፉ ፊታቸውን አየሁት፤ በላስቲኩ ውስጥ፣ ጥርሳቸው ታየኝ። እኔም እንደ ልጅ ዘለልኩ። ሦስተኛው ላይ፣ ከበርሜሎቹ ማዶ፣ ድምፁ ጩኸት ሆነና ተቆረጠ። መኪናዋ ጥቂት ተንሸራታ ቆመች። ሮጬ ስደርስ ጋሼ ሞላ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ እንዳደረጉ ተቀምጠዋል። ፒስተኑ ነክሶ ተጣብቋል አሉ፣ ቀስ ብለው።

መኪናዋን ገፍተን ከሜዳው አወጣናት። ጋሼ ሞላ ካንዴላዎቹን ፍታ አሉኝ። ፈታኋቸው። አራቱም እንደ ኖራ ነጥተዋል።

“ቀለማቸው ምን ይመስላል?”

የክብሪት ቀፎው ደረቴ ላይ ነበር። ስንቀሳቀስ ብሎኖቹ ይንኳኳሉ።

“ቡናማ ናቸው” አልኳቸው።

አንዱን ካንዴላ ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አልታያቸውም። መለሱልኝ። “ካንዴላው ቡናማ ከሆነ ቤንዚኑ ልክ ነው ማለት ነው፣ እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ፒስተኑን አጥብቄ ገጥሜዋለሁ” አሉ። እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ልናገር አፌን ከፍቼ ውኃ ይጠጣሉ ወይ አልኳቸው።

ደባርቅ ከገባን በኋላ ሞተሩን የከፈትኩት ብቻዬን ነው። የፒስተኑ አናት በሙቀት ቀልጧል። ማንም መካኒክ ቢያየው ምክንያቱን አንድ ባንድ ያነበዋል። ጋሼ ሞላ ግን ሊዳስሱት አልመጡም። በሳምንቱ የጋራዡን ቁልፍ ላኩልኝ። ተመለሱ ብዬ ለመንኳቸው። ዓይን የሌለው ሰው በእጁ ይሠራል፣ እጅም ከከዳ ግን የሰው መኪና አይነካም አሉ። በእጃቸውና በጆሯቸው ብቻ ገና ብዙ ዓመት መሥራት ይችሉ ነበር። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቁልፉን ተቀበልኩ።

ሰው ለእሳቸው ደግ ነህ ይለኝ ነበር። እንጨት አስፈልጥላቸዋለሁ፣ በዓል ሲሆን በግ ይዤ እሄዳለሁ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አደርሳቸዋለሁ። ስመሰገን ፊቴ ይቃጠላል። ሞተር ሲያስቸግረኝ ላማክራቸው ስሄድ እኔ ምን አውቃለሁ ብለው ይመልሱኝ ነበር። የሚያመኝ ይህ ነበር። እንደዚህ ሆኖ ብዙ ዓመት ሄደ።

አንድ ጠዋት፣ የፍልሰታ ጾም ሲገባ፣ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሼ ሞላ ፀሐይ ላይ፣ እዚያ የመኪና ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ያን ጊዜ ምንም አያዩም፤ እጃቸውም መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ የክብሪት ቀፎውን መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። ከፈቱና ሁለቱን ብሎኖች በጣታቸው ዳሰሱ። ወዲያው አወቋቸው።

“አልቀየርካቸውም።”

“አልቀየርኳቸውም ጋሼ።”

“ካንዴላው ምን ቀለም ነበር?”

“ነጭ።”

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ። ብሎኖቹን ወደ ቀፎው መልሰው ዘጉት። ከዚያ አንዱን እጃቸውን በሌላው ያዙት፤ መንቀጥቀጡን ሊያቆሙ የፈለጉ ይመስላሉ።

“እጄ ደህና ነበረ ማለት ነው” አሉ።

እትዬ ንግሥት በር ላይ ቆመው ሰምተዋል። ጋሼ ሞላ ያረፉት በዚያው ዓመት ነው። ከቀብር ስንመለስ እትዬ ንግሥት የክብሪት ቀፎውን ሰጡኝ፤ በጋሼ ትራስ ሥር ነበር አሉኝ።

ቀይዋ መኪና አሁንም ጋራዡ ጥግ ቆማለች። ወደ መንገድ መኪናነት የሚመልሳት ዕቃ የለም፣ ለሜዳም ሞተር የላትም። የሚጠይቀኝ ሲመጣ አልሸጥም እላለሁ። ቀፎውን ከካርቡራቶሩ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።

ሙያውን ለምትጀምሩ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ካንዴላ ፈትታችሁ ቀለሙን ስትጠየቁ ያያችሁትን ቀለም ተናገሩ። ያበላሻችሁት እናንተ ብትሆኑም፣ የጠየቃችሁ ሰው ማየት ባይችልም። ሞተር እንደገና ይሠራል። እኔ ያን ቀን ሜዳው ላይ የወሰድኩባቸውን ነገር ግን የሚተካ ዕቃ አላገኘሁም።