ምች ፈርቼ ሚስቴን ጠረጠርሁ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! በእኔ ላይ የሠራውን ልመሰክር ነው የቆምሁት። ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነውና ቀስ ብዬ ሳነብ ታገሡኝ። አሳምሬም አልናገርም።

እዚሁ ቢቸና ሸማኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ጨለማ ቤት ተቀምጬ እሸምናለሁ። ከወጣሁም ተከናንቤ፣ በጃንጥላ ነበር። ለምን? ምች እፈራ ነበር። ከንፈሬ በየጊዜው ሲቆስል "ፀሐይ ነች የመታችህ" ይሉኛል። እንዲህ ተደብቄም ጉንፋን ሲገባ መጀመሪያ የሚጥለው እኔን ነው። አጥንቴን ይቆረጥመኛል፤ ድዴ ይደማል፤ ሁለት ጥርሴ ተነቃነቀ፣ አንዱ ወለቀ።

ሰው ነው ያደረገብኝ አልሁ። ማን? ሚስቴ ደብሬ! ያን ጊዜ እናንተ ዘንድ ለጸሎት ትመጣ ነበር። እናንተንም ጠርጥሬያለሁ፤ ምን እደብቃችኋለሁ!

"እነዚያ ጴንጤዎች የሰጡሽን ወጥ ውስጥ ጨመርሽብኝ" አልኋት።

"አንተ ሰውዬ፣ ከአንድ ትሪ አይደል የምንበላው? የእኔ ጥርስ ለምን አልወለቀም?"

"ማርከሻውን ታውቂዋለሻ!"

በዚያው ሳምንት ሞጣ፣ ወንድሟ ቤት ገባች። እኔም ተከትዬ ሞጣ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ልድን ብዬ አይደለም። መርዙን በወረቀት አስጽፌ በወንድሟ ፊት ላዋርዳት ነው።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት። ደሜን ቀዳች፤ ውጤቱ ሰንብቶ መጣ።

"ጋሼ፣ መርዝ የሚያስጠረጥር ነገር አላየሁም። ቫይታሚን ዲ በጣም አንሶዎታል። ፀሐይ አይሞቁም?"

"ምች እንዲመታኝ ነው?"

ሳቀች። "ምች የሚሉት የከንፈር ቁስል ቫይረስ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ኃይለኛ ፀሐይ ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ ትኩሳትም እንደዚያው። ጨርሶ መደበቅ ግን መድኃኒት አይደለም። ይህ ቫይታሚን ሲያንስ አጥንት ይደክማል፤ ጉንፋን የመቋቋም አቅምም፣ ድድም ሊጎዳ ይችላል። ሁሉም ከእሱ ነው አልልዎትም፤ ጥርስዎን የጥርስ ሐኪም ይየው።"

"ታዲያ ማን አደረገብኝ?"

"ጃንጥላዎ!"

በአማርኛ ጻፊልኝ አልኋት። አታላኝ እንደሆነ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። የደብሬ ስም የለበትም። ክብር ለጌታ ይሁን!

ወንድሟ ቤት በር ላይ ቆሜ ደብሬን አስጠራኋት። ወረቀቱን ሰጠኋት። አየችውና መለሰችልኝ።

"ወረቀት ባይመሰክርልኝ ኖሮስ?" አለች።

ወገኖቼ፣ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

"ይቅር ብዬሃለሁ። መመለሱን ግን እንጃ።"

እዚያው አጥሩ ሥር ተንበረከክሁ። "ጌታ ሆይ፣ የታመመው ልቤ ነው" አልሁ። በዕድሜዬ የመጀመሪያው ጸሎቴ ነው። ሃሌ ሉያ!

ሐኪሟ ያዘዘችልኝን ክኒን ወስጃለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ደጅ ተቀምጬ እሞቃለሁ። አጥንቴ በርትቷል፤ ስሙ ይባረክ! የወለቀው ጥርስ አልበቀለም። በቀለልኝ የሚላችሁ ካለ ጠርጥሩት።

ደብሬ እስካሁን ሞጣ ናት። ባለፈው እሑድ ደውላ "ድድህስ?" አለችኝ። ለዚህች ለአንዲት ቃል ጌታን አመሰግናለሁ። እናንተም የጠረጠራችሁት ሰው ካለ፣ ወረቀት ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ሂዱ። ጌታንም እመኑት። እኔ እንኳ አምኜዋለሁ።