የደጅ ቁራሽ

የደብረ ብርሃንን ብርድ ለምጄዋለሁ ብዬ ለመናገር ዛሬም አልደፍርም። ባለቤቴ በሥራ ተመድቦ ከአባይ ማዶ ይዞኝ ሲመጣ ጥቂት ቆይተን እንመለሳለን ብሎኝ ነበር። እሱ እዚሁ አረፈ፤ እኔም መቃብሩን ትቼ መሄዱ አልሆንልሽ አለኝና ቀረሁ። በዚህ አገር ዘመዴ የምለው ሰንበቴዬን ነው።

ሰንበቴያችን እንደ ሌላው ሁሉ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ጥግ ባለችው የቆርቆሮ ቤት እንሰበሰባለን፤ ተረኛው ዳቦውንና ጠላውን ያቀርባል፤ ስንነሣ ጽዋው ከቤቲቱ ቁልፍ ጋር ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል። አንድ ደንብ ግን ባደግሁበት አላየሁም። እኛ ዘንድ ድሀ የሚበላው ማኅበርተኛው ከበላ በኋላ ነበር። እዚህ አባ ዳቦውን ባርከው ሲቆርሱ የመጀመሪያው ቁራሽ የደጁ ነው። ተረኛው ይዞት ይወጣል፣ ከአጥሩ ሥር ለተቀመጡት ይሰጣል፣ ተመልሶም «ደርሷል» ይላል። ያ ቃል ሳይሰማ ማንም አፉ ላይ ነገር አያደርግም።

ቁራሹን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበሉት እማማ የምንላቸው አሮጊት ነበሩ። ከሰላ ድንጋይ ወዲያ ካለ ገጠር ልጃቸውን ፍለጋ መጥተው፣ ልጃቸውን ሳያገኙ ብርዱ ያገኛቸው ሰው ናቸው። የሚያድሩትም እዚያው አጥር ሥር ላስቲክ ወጥረው ነበር።

ታኅሣሥ ላይ የአጥሩ ዳር መንገድ ተሠራ። ንጣፍ ድንጋይ ተነጠፈ፣ መብራት ተተከለ፣ በትልልቅ ማሰሮ አበባ ተደረደረ። እውነት ለመናገር ያምራል። ድሮ ከማኅሌት ስንወጣ በጭቃ እየተንሸራተትን ነበር። የሰፈሩ የልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ የኛው ማኅበርተኛ ነው፤ ጨዋ ሰው፣ ቅዳሴ የማያስታጉል። መንገዱን ሊመርቁ ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ዓርብ ዕለት የኮሚቴው ሰዎች አጥር ሥር የነበሩትን በመኪና ጭነው ወሰዷቸው። የት እንደሆነ ጎረቤቴን ብጠይቃት ወደ ጫጫ ከተማ መሰለኝ አለችኝ። እማማ ላስቲካቸውን እንኳ አልያዙም ነበር።

ያን ሰሞን ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። እሑድ አባ ዳቦውን ባረኩ፣ ቆረሱ፣ ቁራሹን በእጄ ሰጡኝ። እነዚያ ባይኖሩ ሌላ ሰው አይጠፋም ብዬ ወጣሁ። ደጁ ተጠርጓል። ከዚያ እስከ ማዶ መታጠፊያው ድረስ ያለው ድንጋዩና አበባው ብቻ ነው። ከጣርማ በር በኩል የሚመጣው ነፋስ ነጠላዬን ሲያርገበግበው ጥቂት ቆሜ፣ ዳቦውን እንደያዝኩ ተመለስኩ።

«አባ፣ ተቀባይ የለም» አልኳቸው።

አባ አልተቆጡም። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ «እንግዲህ እንጠብቃለን» አሉ።

ጠበቅን። የጾሙ ምስር ወጥ በረደ። አንዷ፣ «አንቺ ጎጃሜ፣ በነቢያት ጾም ላይ የራስሽን ጨመርሽልን እንዴ» ብላ ቀለደችብኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሰብሳቢውን እያዩ፣ «ደጁ ላይ ያለው አበባው ነው። ለሱ ስጪዋ» አሉኝ። ጥቂቶች ሳቁ። ሰብሳቢው ግን አልሳቀም።

ማንም ሳይጠይቀው ማስረዳት ጀመረ። የድንጋይና የመብራት ገንዘብ ስሙን ይዞ ይመጣል፤ ለመጠለያ ተብሎ የሚመጣ የለም። ኮሚቴዎቹ ደጋግመው ጠይቀዋል፤ የሚመጣው ዓመት ይታያል ተብለዋል። መንገዱ በጊዜው ካላለቀ ደግሞ የቀረው ሰፈር መብራት ይቀራል። አልዋሸም። እኔን የሚያደክመኝም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን አዝኜበት፣ ለእግዚአብሔር ነግሬ፣ እገላገል ነበር። ግን የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፣ ደጁም ባዶ ነው።

ሲጨርስ ተነሣ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ሲመለስ የጠላው አረፋ ሞቶ ነበር። እማማ ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ጫጫ፣ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ ከእህል መጋዘን በረንዳ ላይ ነው ያገኛቸው። ሌሎቹ ወደየት እንደተበተኑ አላወቀም። እማማ ሰፊ የወንድ ኮት ለብሰዋል፤ ማን እንደሰጣቸው አልተናገሩም። ወደ ውስጥ አስገብተን ከምድጃው አጠገብ አስቀመጥናቸው። ቁራሹን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ሳሙት፣ መረቁን። እኔም «ደርሷል» አልኩ። ሰው ሁሉ እጁን ወደ መሶቡ ዘረጋ።

እሳቸው ግን አልበሉም። ዳቦውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ሰብሳቢው ዞሩ።

«ልጄ፣ ዛሬ ወዴት ነው የምታሳድሩኝ? የምትወስዱኝ ከሆነ ዳቦዬን ልቋጥረው ብዬ ነው።»

የተዘረጋው እጅ ሁሉ ባለበት ቆመ። ሰብሳቢው መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔ መጤ ነኝ፤ በሰው አገር ብዙ መናገር አልወድም። የማውቀው ቀጣዩ ተረኛ እሱ መሆኑን ነው። ጽዋ የሚተላለፈው መጨረሻ ላይ ቢሆንም ያን ቀን ሳንበላ ተነሣሁ። የቤቲቱን ቁልፍ ሁሉም በሚያየው በጽዋው ክዳን ላይ አደረግሁና ፊቱ ይዤ ቆምኩ።

«ተራዎ ደርሷል» አልኩት።

ጽዋውን ተቀበለ። ቁልፉን ከክዳኑ አንሥቶ በጣቶቹ ሲያገላብጠው ቆየ። እንግዶቹ ማክሰኞ ይመጣሉ፤ ቤቲቱም በሯ ወደ አዲሱ መንገድ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

«ይብሉት እማማ» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ የደከመ ነበር። «አይቋጥሩት። ነፋስ እንዳይገባብዎ ግን በሩን ከውስጥ ይቀርቅሩት።»

እንግዶቹ መጥተው ሲመርቁ በሩ ተዘግቶ ዋለ። መንገዱም መብራቱም ዛሬ ድረስ አለ፤ መጠለያው ግን የሚመጣው ዓመት ነው። እማማ ከምድጃው አጠገብ ያድራሉ። ይሁንና ቤቲቱ የተረኛው ናት፣ ተረኛውም በየሳምንቱ ሌላ ነው። እሑድ እሑድ ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ እማማ ዳቦአቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አዲሱ ተረኛ «ይብሉት» እስኪላቸው ይጠብቃሉ።