ጭሮ ላይ «ቻት» ሳስተምር

ሐሙስ፣ ንጋት 11 ሰዓት፣ አዳማ
ሾፌሩ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን» እያለ አርባ ደቂቃ ጎለተን። ጋቢና ስለተቀመጥኩ ወሬው ለእኔ ደረሰኝ።
«ጭሮ ምን ልትሠራ ነው?»
«ልጆች ታሪክ እየጻፉ እንግሊዝኛ እንዲለምዱ ላግዝ።»
«እኔ ስምንት ዓመት ተምሬ የቀረችኝ "ስቶፕ" ብቻ ናት። እሷንም ያስተማረኝ ትራፊክ ነው።»

4 ሰዓት፣ ሚኤሶ
ከአሰቦት ጀምሮ ሙቀቱ ሸሚዜን ከወንበሩ ጋር አጣብቆታል። የግመል ወተት የሚሸጡ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። ለጉራ ያህል አንድ ብርጭቆ ጨለጥኩ። የጭሮን ዳገት ስንወጣ ሆዴ ከሞተሩ በላይ ይጮኻል፤ ሾፌሩ ዞር እያለ «ስቶፕ ልበል?» ይለኛል።

7 ሰዓት ተኩል፣ ጭሮ
የጋበዘችኝ የእንግሊዝኛ መምህርቷ ፈትያ ናት። በሳምንት አንድ ሰዓት ሰባተኛ ክፍሎችን ታሪክ ታስጽፋለች። የወላጆች ኮሚቴ ደግሞ «ተረት ለፈተና ምን ይጠቅማል?» ብሎ ሰዓቱን ለሰዋስው ሊሰጥባት ነው። የሚወስነው ዛሬ፣ የልጆቹን ጽሑፍ ሰምቶ ነው።
ርዕሱን በስልክ የሰጠሁት እኔ ነኝ፦ «ከአባቴ ጋር ቻት»። ቻት በእንግሊዝኛ ወግ፣ ጨዋታ ማለት ነው። እዚህ አገር ግን ጫትም በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ ያው ነው፤ የሱቁ ታፔላ ሁሉ ላይ አለ። እኔ የአዳማው ሊቅ ይህን አላሰብኩም።
ኮሚቴው ከኋላ ተደርድሯል፤ የመጀመሪያው ልጅ አነበበ። የአባቱ ቻት አንደኛ ደረጃ ነው፣ በጠዋት ይቆረጣል፣ ጅቡቲ ድረስ ይሄዳል። ሁለተኛዋ የአባቷ ቻት ብዙ ውሃ እንደሚጠጣ ነገረችን። በሳቅ ፈረስኩ። ፈትያ አልሳቀችም።
«አቦ፣ አንተ ነገ ትሄዳለህ» አለችኝ በጆሮዬ። «ሰዓቷን የሚቀሙት ግን እኔን ነው።»
አፈርኩ።
ቀጥላ ኢፍቱ ተነሳች። አባቷ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ሂርና ጫት አስጭኖ በዚያው ነው የመጣው፣ ጉንጩ ተወጥሯል። ልጅቷ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ አነበበች። እሱ እንግሊዝኛ አይሰማም፤ ያጨበጨበው ግን ከሁሉም በላይ ነው።
«ማሻአላህ! ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን አልሽ? ትርጉሙን ንገሪን።»
ኢፍቱ ወረቀቷን አየች፣ ፈትያን አየች።
«ከአባቴ ጋር ቻት የለም ነው የሚለው፣ አባ። ጠዋት የለህም። ከሰዓት አፍህ ሙሉ ነው፤ በእጅህ "ቆዪ" ትለኛለህ። ስቆይ ስቆይ እንቅልፍ ይወስደኛል።»
ከክፍሉ ሁሉ ቃሉ በትክክል የገባት እሷ ብቻ ነበረች። ፈትያ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም በልቤ ሰዓቱን ቀበርኩት።
ሰውየው ብድግ ብሎ ወጣ። ጥሎን የሄደ መሰለን። ደጅ ሲተፋ፣ ከዚያ ቧንቧው ጋ ሲጉመጠመጥ ተሰማን። አገጩ ውሃ እያንጠባጠበ ተመለሰና ከኢፍቱ ፊት ያለው ዴስክ ላይ ተቀመጠ።
«አሁን አፌ ባዶ ነው» አላት። «ንገሪኝ።»
«ይሄን ሰዓት አትውሰዱብን።»
«አንወስድም። ሌላስ?»
ሌላ ብዙ ነበራት። ፈትያ ልጆቹንም ኮሚቴውንም እኔንም ከክፍሉ አስወጥታ በሩን ዘጋችላቸው።