የዘካሪያ ወላሂ

ዘካሪያ አንድ ጊዜ ያየውን ከብት አይረሳም ይባላል። እኔ የቦሩ ሜዳ ጎረቤቱ ነኝ፤ እንዲያውም አሳንሰው ነው የሚያወሩት። በተገኘ ከብት ላይ ሁለት ሰው «የኔ ነው» ሲል ሽማግሌዎች የሚያስጠሩት እሱን ነው። ካወቀው የት እንዳየው ተናግሮ «ወላሂ» ይላል። እርግጠኛ ካልሆነ «ይመስላል» ብሎ ይሄዳል፤ ቢለምኑት አንዲት ቃል አይጨምርም።

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና የምታጠናው ልጁ ሱሀይላ አንድ ቀን እንዲህ አለችን፦ «ሰው ያየውን ነገር ሲለይ፣ እርግጠኛ ሲሆንና ሲጠራጠር አንጎሉ እኩል አይሠራም፤ በመሣሪያ ይታያል። ግን አባባ፣ እርግጠኛ የሆነ ሁሉ ልክ አይደለም።»

«እሱንማ ከብት ተራ አይቸዋለሁ» አላት። «ስንቱ ነው በሰው ላም የሚምል!»

ከዚያ የራሱ በሬ ተሰረቀ። ጥማዱ ጎደለበት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በሬ እየለመነ አረሰ። አምና ኮምቦልቻ ገበያ አብረን ወርደን ሳለ የተሰረቀበትን የሚመስል አንድ ግንባረ ቦቃ ጥቁር በሬ አየና ቀጥ አለ። ባለቤቱ ጋሼ ቀለሙ ከማያውቁት ሰው የገዙት ነው። ነገሩን ሲሰሙ አላንገራገሩም።

«ወላሂ በልና ውሰደው። ያንተ ወላሂ ይበቃኛል» አሉት።

ዘካሪያ በሬውን ዞረው፤ ቀንዱን ዳሰሰው። እኔ ብሆን አስሬ እምል ነበር።

«ቀልቤ የኔ ነው ይላል» አለ በመጨረሻ። «ግን በሬየን ስለፈለግሁ ይሁን ስላወቅሁት አልለየሁትም። ይመስላል፣ ጋሼ።»

ባዶ እጃችንን ተመለስን። መንገዱን ሁሉ ስሰድበው መጣሁ።

ሰኔ ሲገባ ጋሼ ቀለሙ ከኮምቦልቻ ያንኑ በሬ እየነዱ ቦሩ ሜዳ መጡ። «ያንተም ከሆነ ይረስልህ፣ የኔም ከሆነ ይረስልህ። መኸሩ ሲያልቅ እወስደዋለሁ» አሉ።

ዘካሪያ ቀንበሩን አመጣ። በሬው ሳይነዱት ሄዶ በቀኝ በኩል ቆመ። የተሰረቀው በሬ ሁልጊዜ የሚጠመደው በቀኝ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሁላችንም ዘካሪያን አየነው። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«በቀኝ የሚጠመድ በሬ ብዙ ነው፣ ጋሼ» አለና እርፉን ጨበጠ።