በመጀመሪያው ክረምት ከኔ ጋር የተቀናጁ ሽማግሌ

በንጉሡ ዘመን ነው። ጎጆ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። የምንኖረው ጋይንት ደጋው ላይ፣ ከንፋስ መውጫ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ደብር ነበር። አባቴ ለጎጆ መውጫ የሰጡኝ አንድ ወይፈን ነው፤ ቀንበር የሚባል ያልነካው።

ባገራችን አንድ በሬ ያለው ሰው፣ አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል። ሁለቱን ጠምደው በተራ ያርሳሉ። ግን ወይፈን ከያዘ ሰው ጋር ማን ይቀናጃል? ደጅ ብጠና ሁሉም ሰበብ አለው። ሰኔ ተጋመሰ። ገብሱን ካልዘራሁ ሚስቴን ይዤ አባቴ ቤት መመለሴ ነው።

ይህን የሰሙ አንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ አስጠሩኝ።

«በሬዬን ውሰድ። ወይፈን ከአሮጌ በሬ ነው የሚማር። እኔ ጉልበቴን አሞኛል፤ ሲሻለኝ እመጣለሁ» አሉኝ።

ወስጄ ጠመድኩ። ወይፈኑ ሦስት እርምጃ ሄዶ ትልሙ ውስጥ ተኛ። ባስነሳው ተኛ፤ ጅራፍ ባጮኽበትም ተኛ። ያ ጨዋ በሬ ራሱ ወደ ውጭ እየገፋ ቀንበሩን አጣመመው። ሁለት ቀን እንዲሁ ዋልኩ። ሚስቴ ምሳ ይዛ መጥታ ማሳውን አየችና «ይህንስ ዶሮም ትጭረው ነበር» አለች። ልስቅም ልቆጣም አቃተኝ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው በምርኩዝ መጡ። ጥቂት ቆመው አዩኝ።

«በሬዬን ለምን በቀኝ ጠመድከው?»

«የእርስዎ ስለሆነ፣ በክብር በኩል ይሁን ብዬ ነው ጋሼ።»

ሳቃቸው ሳል አመጣባቸው። «ቄስ አደረግኸው እንዴ? ዕድሜውን ሙሉ በግራ ነው ያረሰ። ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«እንዳላስቸግርዎ ብዬ።»

«ይኸው ዳገቱን አስወጣኸኝ፤ ሌላ ምን ችግር አለ?»

በሬውን ወደ ግራ አዛወርን። ጅራፌን ተቀብለው ብብታቸው ውስጥ ወሸቁትና፣ የወይፈኑን ገመድ ይዘው እያነከሱ ከፊት ከፊት ሄዱ። ማሳው ዳር ደረስን። ወይፈኑ አልተኛም። ስንዞርም አልተኛ። እርፉን እንደያዝኩ እንባዬ መጣ፤ ላብ አስመስዬ ጠረግሁት።

ገብሱ በሳምንቱ ተዘራ። ውለታቸውን በምን እንደምመልስ ብጠይቃቸው «የኔን እርሻ በተራህ ታርሳለህ፤ እሱ ወጉ ነው። ያሳየሁህን ግን ለኔ አትመልሰው። እንዳንተ የተቸገረ ስታይ፣ ሳይጠራህ ሂድ» አሉኝ።

ከሁለት ክረምት በኋላ፣ ከስማዳ መጥቶ አማቶቹ ዘንድ የሰፈረ ጎልማሳ ከወይፈን ጋር ሲታገል ከመንገድ አየሁት። በማያውቁት ሰው ማሳ መግባት ያሳፍራል፤ ጥቂት አመነታሁ። ከዚያ ገባሁና ገመዱን ተቀበልኩት።

«ማን ልኮህ ነው?» አለኝ።

«እርፉን ያዝ፤ ኋላ እነግርሃለሁ» አልኩት።

ከፊት ከፊት ሄድኩ። ማረሻው አፈሩን ሲሰነጥቅ ከኋላዬ ይሰማኛል፤ ሳይቋረጥ መጣ። ዞሬም አላየሁ።