መቀነት ያለው ሰባት

እኔና እትዬ የተዋወቅነው በጠብ ነው። ሚልፒታስ ያለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ተቀጥሬ፣ ሰርኪት ቦርድ የሚበየድበት ላይን ላይ ከአንዲት ደቃቃ የቬትናም ሴት ጎን አስቀመጡኝ። ገና ጓንቴን ሳላጠልቅ ዞር ብላ "በልተሻል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። በማግስቱም "በልተሻል?" በሦስተኛው ቀን ግን ደሜ ፈላ። ያን ጊዜ የአገሬ ረሃብ በየቴሌቪዥኑ የሚታይበት ወቅት ነው፤ ኢትዮጵያዊት ነኝ ባልኩ ቁጥር ሰው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥልኛል።

"ስሚ! እቤቴ የምበላው አላጣሁም! ምሳሽን ለራስሽ ያዢ!" ብዬ ጮህኩባት። ላይኑ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

እሷ አልተቆጣችም። ለእረፍት ስንወጣ ተከትላኝ መጣችና በዚያች በምትሰባበር እንግሊዝኛዋ አስረዳችኝ። ለካ በእነሱ አገር ሰው ሲገናኝ የሚባለው እሱ ነው። እኛ እንዴት አደርሽ እንደምንለው፣ እነሱ በልተሻል ወይ ይላሉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ! ይቅርታ ስጠይቃት "ቺ በይኝ" አለችኝ፤ ታላቅ እህት ማለት ነው። እትዬ ማለት ነዋ! በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፣ ስለዚህ እትዬ አልኳት። እሷም በቋንቋዋ ታናሽ እህቴ ትለኝ ጀመር፤ የወረቀት ስሟን ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ያውም በስህተት የእሷን የደመወዝ ቼክ ሲሰጡኝ ነው።

ታሪኳን የነገረችኝ በአንድ የምሳ ሰዓት ነው። አገሯን ጥለው ሲወጡ ከባሏና ከሦስት ወር ልጇ ጋር ጀልባ ላይ ነበሩ። በአራተኛው ቀን ውሃ አለቀ፤ ጡቷም ነጠፈ። ልጁ መጀመሪያ አለቀሰ፣ በኋላ ማልቀሱንም ተወው። ከእሷ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተደግፋ የተቀመጠች ሴት ነበረች፤ የዚያች ሴት ልጅ በሁለተኛው ቀን ሞቶ ባሕር ላይ ጥለውታል። ሴትየዋ ዞራ እጇን ዘረጋች፣ ልጁን ወሰደች፣ አጠባችው። ማሌዢያ አጠገብ ያለች ደሴት ላይ እስኪደርሱም አጠባችው፤ እትዬ እዚያ ባለው የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ታማ በተኛችበት ጊዜም ያጠባችው እሷው ነበረች።

ከዚያ ልጁን ትኩሳት ያዘው። ዓይኑን አይገልጥም፤ ወደ በሽተኞች ጎጆ ወሰዱት። በዚያው ሰሞን ደግሞ ጃፓን የተወሰኑ ሰዎችን እቀበላለሁ ብላ የዚያች ሴት ስም ተጠራ። አንድ ጠዋት መርከብ ላይ ጫኗት። ልጁ ይትረፍ አይትረፍ የነገራት ሰው የለም። እነ እትዬም ከወራት በኋላ ወደ ፊሊፒንስ ተላኩ፤ እዚያ ስድስት ወር እንግሊዝኛ ተምረው ሳን ሆዜ ገቡ።

እኔም ሱዳን፣ ገዳሪፍ ካምፕ ነበርኩና ይኼ አልጠፋኝም። ጠዋት ስም ይጠራል፣ ማታ አጠገብሽ ያለው ምንጣፍ ባዶ ነው። አብረውኝ አንድ ድንኳን ውስጥ ካደሩት መካከል ዛሬ የት እንዳሉ የማላውቃቸው ብዙ ናቸው።

"አለማመስገኔ አይደለም የሚያንገበግበኝ፤" አለችኝ እትዬ ያን ቀን፣ ማንኪያዋን አስቀምጣ። "እሷ እኮ ሁለት ልጅ የሞተባት ይመስላታል።"

"ስሟ ማን ነበር?"

"ቺ ነበር የምላት።"

"ወይ አንቺ! ጡት አጥብታልሽ ስሟን አልጠየቅሽም?"

"አንቺስ የእኔን መቼ ጠየቅሽ?" አለችኝ።

ዓመቱ እንደዋዛ አለፈ፣ ሁለታችንም ሪታየር አደረግን። የእትዬ ባል ሞተ። ልጁ ጎረመሰ፣ ኢንጂነር ሆነ፣ ፍሪሞንት ቤት ገዛ፣ ራሱም ተመለጠ። እናቱ በቋንቋዋ ታናግረዋለች፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። የእኔዋም ልጅ ያው ናት፤ "ምሳ በላሽ?" ስላት "አይም ጉድ" ትለኛለች። በዚህ ነገር እኔና እትዬ ስልክ ላይ ስንት ሰዓት እንዳማረርን እግዜር ነው የሚያውቀው።

ልጁ ግን ያቺን የጡት እናቱን ከመፈለግ ቦዝኖ አያውቅም። ከዚያች ደሴት ያለፉ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የሚፈላለጉት በጀልባ ቁጥር ነው፤ እዚያ የደረሰ ጀልባ ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት ነበርና። ቁጥሩን በቃሉ ያውቅ የነበረው አባትየው ነበር። የቀረው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ አባትየው ቁጥሩ በጠመኔ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ ደረቱ ላይ ይዞ ቆሞ። ልጁ ቁጥሩን ከፎቶው ላይ አንብቦ ለዓመታት ለጠፈ። መልስ የሰጡት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም እንዲህ ያለች ሴት በእኛ ጀልባ አልነበረችም አሉ። እትዬ ተስፋ ቆረጠች። "በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ሞታ ይሆናል" ማለት አበዛች።

ባለፈው ዓመት በፋሲካ ሰሞን ከኦክላንድ በባርት ባቡር ሄጄ ልጠይቃት ገባሁ። ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ቀዶ ጥገናዋን እየጠበቀች ነበር። ልጇ፣ እሷ ራሷ ልየው ስላለች፣ ያንን ፎቶ አጉልቶ ትልቁ ቲቪ ላይ ከፍቶላታል። እሷ ምን ታያለች፤ ያየሁት እኔ ነኝ።

"ቁጥሩ ስንት ነው ያልከኝ?"

"ሰባት መቶ ስልሳ ሰባት" አለኝ በእንግሊዝኛ።

"ይኼማ አውሮፕላን እንጂ ጀልባ አይደለም!" ብዬ ሳቅሁ። ግን ዓይኔ እዚያው ቀረ። ተነሥቼ ቲቪው ሥር ሄድኩ። "ና እስቲ አንተ። ይህቺ የመጨረሻዋ ሰባት ወገቧ ላይ ያለው መስመር ምንድን ነው?"

"ስክራች ነው፣ አንቲ። ፎቶው ስላረጀ።"

"ስክራች ያርግህ! መቀነቷ ነው!"

እኔ በተማርኩበት ዘመን ሰባትን ያለ መቀነት የጻፈ ልጅ ጣቱ ማስመሪያ ይቀምሳል። እስከ ዛሬም ቼክ ስጽፍ ሰባትን አስታጥቄ ነው። ያኔ ልጁን በሌባ ጣቴ ቲቪው ላይ እየነካሁ አስተማርኩት። የኋለኛዋ መቀነት አላት፤ ሰባት ናት። የፊተኛው መቀነት የለውም። አንድ ሰው በአንድ ሰሌዳ ላይ ሰባትን ሁለት ዓይነት አድርጎ አይጽፍም። ስለዚህ የፊተኛው ሰባት ሳይሆን አፍንጫው የረዘመ አንድ ነው።

እትዬ ከሶፋዋ ላይ ቀና አለች። "ሰሌዳውን የጻፈው እኮ አባትህ ራሱ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ያምር ስለነበር" አለችው። "አንድን ሁልጊዜ ኮፍያ ያደርግለት ነበር።"

መቶ ስልሳ ሰባት። ልጁ እዚያው ቁጭ ብሎ ራሱን ያሻል። አንጀቴን በላው። እናቱ ዓይኗ ደኅና በነበረ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ቁጥሩን አስነብቧት ቢሆን ኖሮ! ግን ፎቶውን ባየች ቁጥር ስለምታለቅስ ይደብቃት ነበር። ቁጥሩን እዚያው እፊቴ አስተካክሎ ለጠፈ።

በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ኮል አደረገችኝ። ከማልቀሷ የተነሣ መጀመሪያ ምን እንደምትል አልገባኝም። ጃፓን ውስጥ ያለች አንዲት ሴት መልስ ጽፋለች፦ "እናቴ ከዚያ ጀልባ ናት። ስላቀረባችሁት ጥያቄ ስነግራት 'ትኩሳት ስለያዘው ልጅ ነው ወይ?' አለችኝ።"

በቪዲዮ ለመተያየት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቀጠሩ፤ እነሱ ዘንድ እሑድ ጠዋት ነው። እትዬ ያለ እኔ አልጀምርም ስላለች ከባርት ጣቢያ እየሮጥኩ ደረስኩ፤ በዚህ ጉልበቴ! ቲቪው ላይ ፀጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ትንሽዬ አሮጊት ብቅ አለች። እትዬ "ቺ" አለችና ወደ ቲቪው ተጠጋች።

አሮጊቷ ግን እትዬን አላየቻትም። አንገቷን እያሰገገች ከእትዬ ጀርባ ትፈልጋለች። ልጁ መጥቶ ከስክሪኑ ፊት ተንበረከከ፤ መነጽር ያደረገ፣ መላጣ፣ ቦርጫም ሰውዬ። አየችው፣ አየችው። እኔ በዚህች ምድር ላይ አንድ የቬትናም ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የማውቀው፤ የተጣላሁበትን፣ እትዬ በኋላ በቋንቋዋ ያስተማረችኝን። እሱኑ ጠየቀችው።

"በልተሃል?"

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። ዕድሜውን ሙሉ በእንግሊዝኛ የሚመልሰው ሰውዬ፣ እየተንተባተበ በእናቱ ቋንቋ አንድ ነገር አለ። አሮጊቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ አልገባኝምና የእትዬን ክንድ ያዝኩ፤ "ምን አላት? ምን አላት?"

እትዬ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች።

"'ጠግቤያለሁ፣ እማዬ' ነው ያላት" አለችኝ።